ይውጣ ያልነው ጦር

ሰሞኑን ጎረቤቴ የግቢውን በር ቀይ ቀለም ሲያስቀባ ሽታው መኝታ ቤቴ ድረስ ገባ። ልጄ መስኮቱን ልትዘጋ ስትነሳ «ተዪው» አልኳት። ላምባ የበዛበት ቀለም ነበር፤ ያኔ ጎንደር፣ ጓደኛዬ ቤት ጓሮ፣ አቡጀዲ ላይ እንጽፍበት የነበረው ዓይነት።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን። ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ከያዘ ብዙም አልቆየም። አሜሪካኖች አስመራ የጦር ሰፈር ነበራቸው። «የውጭ ጦር ካገራችን ይውጣ!» የሚለውን መፈክር ያስተማረን የታሪክ መምህራችን ነው። ጓደኛዬ የእጅ ጽሑፏ ሸጋ ስለነበር እሷ ትጽፋለች፤ እኔ ጨርቁን ወጥሬ እይዛለሁ። እናቷ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ «ኧረ ዶሮዎቼን በቀለም ሽታ ፈጃችኋቸው!» ይሉ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ማክሰኝት ወረድን። ጓደኛዬ እህል ተራ ድንጋይ ላይ ቆማ ስትናገር፣ ጤፍ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አቋረጧት።

«ምነው ልጄ፣ ያሉት ሩቅ አይደል? እኛን ምን አደረጉን?»

«አያ፣ ጠመንጃ የያዘ እንግዳ ቤትዎ ገብቶ አልወጣም ቢል ዝም ይላሉ?»

ሽማግሌው ጺማቸውን አሻሹ። «ዝምስ አልልም።»

«እንግዲያ ይውጣ በሉና!»

ገበያው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ስንመለስ በጭነት መኪና ላይ፣ አቧራው ፊታችን ላይ እየቦነነ፣ ድምጿ እስኪዘጋ ዘፈነች።

አሜሪካኖቹ ሲወጡ እኛ ያስወጣናቸው መሰለን። ደስታችን ግን አልሰነበተም። በአዘዞ መንገድ ሌሎች ፈረንጆች በወታደር መኪና ይመላለሱ ጀመር። ራሽያኖች ናቸው ተባለ።

መምህራችን በዚያን ጊዜ የቀበሌ ሊቀ መንበር ሆኖ ነበር። አንድ እሑድ በስብሰባ ላይ ስለ አዲሶቹ ወዳጆቻችን ሲያወራ ጓደኛዬ እጇን አወጣች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የውጭ ጦር ይውጣ ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። እነዚህስ የውጭ አይደሉም?»

መምህሩ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ።

«እነዚህ ሊረዱን የመጡ ናቸው። ተቀመጪ።»

«እነዚያም እንደዚያው ነበር የሚሉት። መልሱልኝ እንጂ!»

ቀሚሷን ይዤ ጎተትኩ፤ እጄን መትታ አስለቀቀችኝ። መምህሩ አላያትም፤ አጠገቡ ለቆመው አብዮት ጥበቃ አንድ ነገር ሹክ አለው። በማግስቱ ጠዋት ከቤቷ ወሰዷት። እናቷ መምህሩን ሊለምኑ ቢሄዱ፣ «በደንብ ያላሳደጓት እርስዎ ነዎት» ብሎ መለሳቸው። ያቺን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ።

የተፈታችው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ልጠይቃት ስሄድ እናቷ በር ላይ ያዙኝና፣ «ስለዚያ ነገር እንዳታነሺባት» አሉኝ። እሷ ከስታ፣ ፀጉሯ ተላጭቶ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ልትሳደብ፣ ልትጮህ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «እናትሽ ደኅና ናቸው?» አለችኝ፤ ደግማም ያንኑ ጠየቀችኝ።

በዚያ መሀል የወታደር መኪና በደጅ አለፈ። የሰፈር ልጆች «ራሽያ! ራሽያ!» እያሉ ተከተሉት። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ቀይ ወጣት እጁን አውለበለበላቸው። ጓደኛዬ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ቆመች፤ እጇንም አውለበለበችለት።

«ምነው አንቺ?» አልኳት።

«ሊረዱን የመጡ ናቸው» አለችኝ። መኪናው ዞሮ ከጠፋ፣ አቧራው ከረጋ በኋላም እጇን አላወረደችም።