የተፈተነበት ቀዳዳ

ደሴ ፒያሳ ባሠራሁት ፎቅ ውስጥ የመብራት ገመድና የውሃ ቱቦ የሚያልፉባቸው ሠላሳ ሰባት ቀዳዳዎች አሉ፤ እኔው ቆጥሬያቸዋለሁ። ከታች እሳት ቢነሳ ጭሱ ከላይ ወደሚኖሩት የልጅ ልጆቼ እንዳይወጣ ብዬ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ከኮምቦልቻ አስመጥቼ አስደፈንኳቸው። ጨረስኩ ብሎኝ ሲሄድ አንዱን በጣቴ ብነካው ልስኑ ተፈረፈረና የፍራሽ ስፖንጅ ብቅ አለ። ሠላሳ ሰባቱንም ፈነቀልኳቸው፤ ሁሉም ስፖንጅ! ስፖንጅ እሳት ያቆማል ወይስ ያቀጣጥላል?

ተናድጄ ፈቃዱን ወደ ሰጠው ቢሮ ሄድኩ።

«ይረጋጉ እንጂ ሐጂ» አለኝ ኃላፊው። «ያለ ፈተና ለማንም አንሰጥም። ወላሂ፣ በተግባር ሠርቶ አሳይቶን ነው።»

«ምኑን ነው ያሳያችሁ?» ብዬ ስጮህ፣ ከሥር ካለው ምግብ ቤት የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታ ክፍሉን ሞላው። ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከኃላፊው ወንበር ጀርባ፣ ገመድ በሚወጣበት የወለል ቀዳዳ በኩል ጭስ ቀስ እያለ ይገባል።

«ይኼንን ማን ደፈነው?» አልኩት።

ጭሱን በማህደር እያራገበ፣ «እሱ ነዋ!» አለኝ። «የተፈተነው በዚሁ ነው።»