የኩራዝ ቀብር

በደርግ ጊዜ፣ ለቡ ገና እርሻ ሳለ፣ መብራት አልነበረንም። የመብራት ሠራተኞች መጥተው «ምሰሶዎቹን ዛሬ ራሳችሁ ካቆማችሁ ሽቦውን ነገ እንዘረጋለን፤ አለዚያ ወደ ሌላ ሰፈር እናልፋለን» አሉን። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ያለ እሱ ፈቃድ መሰብሰብን ከልክሏል። ያልከለከለው ቀብርን ብቻ ነው።

ስለዚህ ተመካከርንና እኔ የእድሩን ጥሩምባ ነፋሁ። ሰፈርተኛው አካፋና ዶማውን ይዞ ወጣ፤ ለምሰሶ የተቆረጡትን የባሕር ዛፍ ግንዶች እንደ ቃሬዛ ተሸከምናቸው።

ሊቀመንበሩ እየሮጠ መጣ። «ማነው የሞተው?»

«ኩራዝ!» አሉት አንዲት ባልቴት፤ «ስንት ዘመን ዓይኔን ሲያጨሰው ኖረ! ና፣ አንተም አልቅስ።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሱ ተቆጣ። «አቁሙ! አቁሙ ብያለሁ!»

«እያቆምን ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት፣ አንዱን ምሰሶ በቆፈርነው ጉድጓድ ላይ እያቀናሁ።

አንድም ሰው ዶማውን አልጣለም። ሳይመሽ ሁሉም ምሰሶ ቆመ፤ በማግስቱ ሽቦው መጣ።