ካፒቴን ግርማ መንገድ ሲለቁ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ታደሰ የእጅ ሬዲዮ፣ መዝገብና ፊሽካ ሰጡኝ። ፊሽካው የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ውስጥ የሚገቡትን ከብቶች ለማባረር ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም አልቆየችም ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረው የጠጠር ሜዳ የእርዳታ ሠራተኞችና የአዲሱ መስተዳድር ሰዎች በትናንሽ አውሮፕላኖች ይመላለሳሉ።

"የመቆጣጠሪያ ማማ የለንም፤ አንቺም አዛዥ አይደለሽም" አሉኝ አቶ ታደሰ። "ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ሜዳው ነጻ መሆኑን፣ አየር ላይ ማን እንዳለ ትነግሪያቸዋለሽ። ማን ቀድሞ እንደሚያርፍ የሚነጋገሩት እርስ በርሳቸው ነው።"

የሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ሬዲዮውን ስይዝ ድምፄ ስለሚጠፋ አብራሪዎቹ "እህቴ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነሽ እንዴ?" ይሉኝ ነበር።

አዘውትረው የሚመጡት ሁለት ናቸው። ካፒቴን ግርማ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ የሚያበሩት ክንፉ ከላይ የሆነ ባለ አንድ ሞተር ቀርፋፋ አውሮፕላን ነው። ካፒቴን ዮናስ ወጣት ነው፤ የእሱ አውሮፕላን ባለ ሁለት ሞተር ፈጣን ሲሆን ክንፉ ከታች ነው። የሜዳው ጥበቃ ጋሽ ኦጁሉ የግርማን አውሮፕላን ሲያዩ "የዚች ጥላዋ ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል" እያሉ ይስቃሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ሁለቱ አንድ ላይ መጡ። ቀድመው የተናገሩት ካፒቴን ግርማ ስለነበሩ ዮናስን "እባክዎ ወረፋ ይጠብቁ" አልኩት።

"የት ልቀመጥ እህቴ? እዚህ አግዳሚ ወንበር የለም!"

የካፒቴን ግርማን ሳቅ በሬዲዮ ሰማሁት። "እለፍ ዮናስ፤ እኔ ዙሬን አሰፋለሁ" አሉት። ካረፉ በኋላ ጠርተውኝ በእንጨት መሬት ላይ አራት ማዕዘን ሣሉ። አውሮፕላኖች ከማረፋቸው በፊት ሜዳውን የሚዞሩበት መንገድ ነው።

"የእኔዋ ቀስ ብትልም ትበራለች" አሉ። "የእሱ እንደኔ ቀስ ካለ ይወድቃል። ከኋላዬ ካደረግሁት ይደርስብኛል። ስለዚህ ገና ራቅ ብለን ሳለ ዙሬን ሰፋ አድርጌ አሳልፈዋለሁ። እሱ ደግሞ ካረፈ በኋላ ሜዳው ላይ ሳይንዛዛ ቶሎ ይወጣልኛል። ጨዋነታችን ይኼው ነው።"

"ሁልጊዜ ነው የሚለቁለት?"

የአራት ማዕዘኑን የመጨረሻ መስመር በእንጨቱ ነካ አደረጉ። "ይህ ፋይናል ነው፤ ወደ ሜዳው አቅንተን የምንወርድበት። እዚህ ከገባሁ ግን ሚኒስትር ቢይዝም አይቀድመኝም።"

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ወደድኩት። ከሰዓት በፊት የሁለቱን ወሬ መስማት ደስ ይለኛል።

"ዮናስ፣ እለፍ። እኔ ባሮ ወንዝን አይቼ ልመለስ።"

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሻይ አዝዤ እጠብቅዎታለሁ።"

"አሁን አትዘዝ፤ እስክደርስ ይቀዘቅዛል።"

ካፒቴን ግርማ ያልለቀቁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ለመድነው። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ለመድኩት።

አንድ ቀን ካፒቴን ግርማ ከፑኝዶ ምጥ የጠናባትና ደም የሚፈሳት ሴት ይዘው እየመጡ ነበር። የሆስፒታሉ መኪና ሜዳው ዳር ቆሟል፤ እናቷ መኪናው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። በዚያው ሰዓት ዮናስ አንድ የክልሉን ባለሥልጣን ይዞ መጣ።

ሬዲዮው ክርርር አለ። ሁለት ሰው እኩል ሲናገር የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው። "ማን ነበር? ይድገሙልኝ" ማለት ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ጩኸቱ ሲያበቃ የዮናስ ድምፅ ብቻ ቀረ፦ "እንግዳዬ ቸኩለዋል፤ ጋሼ ያሳልፉኛል?"

"አዎ፣ ይለፉ" አልኩት። ካፒቴን ግርማን አልጠየቅኋቸውም፤ እስኪመልሱም አልጠበቅሁም።

ቀና ስል ካፒቴን ግርማ ፋይናል ላይ ናቸው፤ ዝቅ ብለዋል። በጩኸቱ ውስጥ የጠፋው "ፋይናል ገብቻለሁ" ያሉት ነበር። ዮናስ ከኋላቸው፣ ከበላያቸው እየወረደ ነው። የእሱ ክንፍ ከታች ስለሆነ ከበታቹ ያለውን ይጋርድበታል፤ የእሳቸው ከላይ ስለሆነ ከበላያቸው ያለውን ይጋርድባቸዋል። ሁለቱን የማየው እኔ ብቻ ነኝ።

"ካፒቴን ዮናስ፣ አይውረዱ! ከፍ ይበሉ! ካፒቴን ግርማ ከበታችዎ ናቸው! የፈቀድኩት ተሳስቼ ነው፤ ከፍ ይበሉ!"

ያን ያህል ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ጋሽ ኦጁሉ ከሜዳው ማዶ ዘወር ብለው አዩኝ። የዮናስ ሞተሮች ጮኹ፤ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ አቅንቶ ወደ ቀኝ ወጣ። ካፒቴን ግርማ አረፉ። ሴትዮዋን በቃሬዛ አውርደው መኪናው ውስጥ ሲያስገቧት እናቷ እጇን ይዘው አብረው ገቡ።

ዮናስ ዞሮ ሲያርፍ ባለሥልጣኑ ላብ በላብ ሆነው ወረዱ። "ያስመለሰን ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ። እንድትወርዱ የፈቀድኩትም እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ።"

ባለሥልጣኑ የግርማን አውሮፕላን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ወደ መኪናቸው ሄዱ። አቶ ታደሰ "መዝገቡ ላይ ጻፊው፤ ስህተትሽንም ጭምር" አሉኝ። ሁለቱንም ጻፍኩ። ዮናስ ካፒቴን ግርማ ፊት ቆሞ "ጋሼ፣ ድምፅዎን ሳልሰማ ነው የገባሁት፤ ይቅር ይበሉኝ" አለ። እሳቸው ትከሻውን መታ መታ አደረጉና ወደ እኔ መጡ።

"ብርቄ፣ መንገድ መልቀቅ እወዳለሁ። ግን ስለቅ የምናገረው እኔ ነኝ።"

ማታ ሆስፒታል ደውለን ሴትዮዋ ወንድ ልጅ መውለዷን ሰማን።

ዛሬም እዚያው ነው የምሠራው፤ ዛሬም ሰው ፊት ስናገር አፍራለሁ። አዲስ ለሚቀጠሩት የምነግራቸው ሁለት ነገር ነው። ሬዲዮው ከጮኸ "ማን ነበር? ይድገሙ" በሉ፤ ስንት ጊዜም ቢሆን። መንገድ ለቀቅሁ ብሎ ራሱ ያልተናገረ ሰው ደግሞ አልለቀቀም።