ለአባቴ ኮርቻ የሰፋሁት ልባስ

ኮምቦልቻ ውስጥ የባጃጅና የሞተር ሳይክል ወንበር ልባስ እሰፋለሁ። ደንበኛ ሲመጣ የሚጠይቀኝ የሚያብረቀርቀውን ነው። እኔ ደግሞ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መዳፌን ጫን አድርጌ እገፋለሁ። እጄ ከተንሸራተተ አልሰፋም፤ ሌላ ቤት ይሂድ። ነገረኛ ነው ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ይህን የተማርኩት በአባቴ ዳሌ ነው።

አባቴ በኩታበር ገጠር ለሽምግልና የሚፈለጉ ሰው ነበሩ። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበሩ የተገፋበት ገበሬ፣ ሁሉም የሚልከው እሳቸው ዘንድ ነው። አገሩ መኪና የማይገባበት ቁልቁለት ስለሆነ የሚሄዱት በበቅሎ ነበር። ኮርቻቸው ላይ አሮጌ አጎዛ ነበረ፤ ጠጉሩ የተላላጠ፣ ጠርዙ በላብ የጠቆረ የበግ ቆዳ።

አንድ ጊዜ ለአረፋ አገር ቤት ገባሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ በቅሎዋ ተጭና ስትቀርብ፣ ይህ አጎዛ እንኳን ለሽማግሌ ለውሻም አይነጠፍም አልኩ። ከተሜ ሆኛለሁና። ሰው ሳቀ፣ አባቴም አብረው ሳቁ።

በሳምንቱ ቀይ ሰው ሠራሽ ቆዳ ቆርጬ፣ ከሥሩ ስፖንጅ ከትቼ፣ ዳር ዳሩን በቢጫ ክር ሰፍቼ ወሰድኩላቸው። አጎዛውን በገዛ እጄ ገፍፌ ገደል ጨመርኩት። አባቴ አዲሱን ልባስ ዳሰስ ዳሰስ አድርገው መረቁኝ። በየሄዱበት ልጄ የሰፋልኝ ነው እንደሚሉ ስሰማ ደረቴ ተነፋ።

ባጃጅ ላይ ሰው ተደግፎ ይቀመጣል። ቁልቁለት ላይ ግን ጋላቢውን ከኮርቻው ጋር የሚያቆየው ልብሱን የሚይዝለት ነገር ነው፤ ያ የተላላጠ አጎዛ ይይዝ ነበር፣ የእኔ ልባስ ግን ምንም አይይዝም። ሥራዬ ሆኖ ይህን አላወቅኩም።

ክረምት ላይ አባቴ ከሽምግልና ሲመለሱ ካፊያ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ በቅሎዋን አዳለጣትና ድንገት ቀጥ አለች። እሳቸው ከእርጥቡ ልባስ ላይ ወደ ፊት ተንሸራተው፣ በአንገቷ በኩል ድንጋይ ላይ ወደቁ። ደሴ ሐኪም ቤት ስደርስ ዳሌያቸው ተሰብሯል።

ጠያቂው ሁሉ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ አብሽር ይለኛል። በቅሎዋን የረገመ አለ፣ ዝናቡን ያማረረ አለ፤ ልባሱን ያነሳ ግን የለም። አንድ ሰው ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሷስ የጣለችው ዕቃ ነው፤ እኔ የጣልኩት አባቴን ነው።

ዛሬ አባቴ በምርኩዝ ቢሄዱም ከደጃፍ አያልፉም። ሽምግልናውም ወደ ሌላ ሰው ዞሯል፤ የሚልክባቸው የለም።

ባለፈው ዒድ እናቴን ለብቻዋ አግኝቼ፣ ልባሱ ያንሸራትታቸው እንደነበር ጠየቅኳት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው አለችኝ። ቁልቁለት ሲደርሱ ወርደው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። ያን ቀን ያልወረዱት ግን አብረዋቸው ሰዎች ስለነበሩ ነው።

«ምን ብለው ይውረዱ?» አለች። «ልጄ የሰፋልኝ ይጥላል ይበሉ? ልንገረው ብላቸው፣ ወላሂ ጆሮው እንዳይደርስ ብለው አስማሉኝ።»

ተናደድኩ፤ በእሳቸው ነው የተናደድኩት። አንድ ቃል ቢነግሩኝ በማግስቱ ሌላ አጎዛ አመጣላቸው ነበር። ገብቼ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«አንተ በአጎዛዬ ሰው አሳቅህብኝ» አሉ። «እኔ አባትህ ነኝ፤ ሰው ላስቅብህ?»

ኮርቻው ከራስጌያቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቀዩ ልባስ ጭረት እንኳ የለበትም። ልግፈፈው ብዬ ብለምናቸው እምቢ አሉኝ።