ቀኝ ትከሻ፣ ግራ ትከሻ

ቤንዚንና አቧራ አንድ ላይ ሲሸተኝ፣ የትም ብሆን፣ አገጬ የአባቴ ጀርባ ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ሌላው ሰው ልጅነቱን በወተትና በአደስ ሽታ ያስታውሳል፤ የኔ በቤንዚን ሆነ፣ ምን ይደረግ! ያደግኩት ስማዳ ውስጥ፣ ከወረዳው ዋና ከተማ ከወገዳ በእግር ሦስት ሰዓት በምትርቅ አንዲት ከተማ ነው። ከተማ ማለቴ ለክብሯ ነው እንጂ የነበራት አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ወፍጮ ቤትና አባቴ የሚሠራበት የከብት ክሊኒክ ብቻ ነበር።

አባቴ የከብት ሐኪም ረዳት ነበር። ገበሬው ግን "ዶክተር" ነበር የሚለው፤ እኛ አገር መርፌ የያዘ ሁሉ ዶክተር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ በተሰጠው ቀይ ሞተር ከቀበሌ ቀበሌ እየዞረ፣ አባ ሰንጋና አባ ጎርባ ከብት እንዳይፈጁ ይከትባል። እኔ ከኋላው እፈናጠጣለሁ፣ የክትባቱ የበረዶ ሳጥን ደግሞ ከኔ ኋላ ይታሰራል።

አባዬ በሄደበት መንገድ መመለስ አይወድም ነበር። በጠጠሩ መንገድ ከሄድን በደኑ ውስጥ፣ በከብት መሄጃው እንመለሳለን። ዝናብ ባባራ ማግስት የጥዱና የወይራው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ክትክታው ግራና ቀኝ ጉልበቴን ይገርፈኛል፤ ወንዝ ስንሻገር እግሬን ሰብስቤ እጮኻለሁ። አንድ ቀን እንዲህ ስንዞር መንገዱ አለቀና አንድ ሰውዬ ገብስ የሚወቃበት አውድማ መሐል ወጣን። ሰውዬው መንሹን እንደያዘ "ከሰማይ ነው የወረዳችሁ?" ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ለአባዬ ጠላ፣ ለኔ ቆሎ ሰጥቶ በጓሮው በኩል ሸኘን። ሌላ ቀን ወደ እስቴ ወሰን ሄደን መውጫው ጠፋን። ፀሐይ እያዘቀዘቀች "ጠፋን እኮ አባዬ!" ብዬ ማልቀስ ስጀምር፣ "አልጠፋንም፣ መንገዱን ገና አላወቅነውም እንጂ" አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ሰው ሁሉ "ዶክተር ልጁን አሞላቀቃት" ይል ነበር። እኔም ሲሉኝ ደስ እያለኝ ዝም እል ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የአባቴን ሁለቱንም ዓይኖች ሞራ እየጋረዳቸው ነበር። ቀን በቀን ስንት በሬ በመርፌ የሚወጋው ሰውዬ "ዓይኔን በስለት አላስነካም" ብሎ ሐኪም ዘንድ አልሄድ አለ፤ ፈሪ! ይህንን የምናውቀው እናቴ፣ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። መሥሪያ ቤቱ ቢሰማ ሞተሩን ይቀማዋል፤ ያለ ሞተር ደግሞ ያንን ሁሉ ቀበሌ ማዳረስ የለም። እንጀራችን በዚያች ምስጢር ላይ ነበር።

ስለዚህ መንገዱን የማይለት እኔ ነበርኩ። የሞተሩ ድምፅ አያሰማምና ቋንቋችን በእጅ ሆነ። ጉድጓድ በቀኝ ካለ ቀኝ ትከሻውን፣ በግራ ካለ ግራውን መታ አደርጋለሁ። ሁለቱንም አንድ ላይ ከመታሁ ማቆም ነው። ቄስ ወይም ሽማግሌ ከመጣ ደግሞ መሐል ጀርባውን በጡጫ እገፋዋለሁ። እኛ አገር መስቀል የያዘ ካህን አይቶ ሳይወርዱና ሳይሳለሙ ማለፍ ትልቅ ነውር ነው፤ በበቅሎም ያው፣ በሞተርም ያው።

የክትባት ቀን ረቡዕና ዓርብ ነበር። በእነዚያ ቀናት ከትምህርት ቤት እቀራለሁ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሚኒስትሪ የምፈተንበት ዓመት። የክፍላችን መምህር ስም ሲጠሩ "ይቺ ልጅ እንደ ገበያ በሳምንት ነው የምትመጣው?" ይሉ ነበር። እኔ ግን ምን ግዴ! ክፍል ውስጥ አንዷ ተማሪ ነበርኩ፤ ሞተር ላይ ግን ያለ እኔ አይሆንም ነበር። ይህ ለልጅ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

ጥቅምት ላይ ነው ጉዱ የመጣው። ከትበን ስንጨርስ አንዲት ሴትዮ የባቄላ እሸት በዘለላው አሳቀፉኝ። እኔ ሆዳም፣ እቤት እስክንደርስ መታገሥ አቅቶኝ፣ ሞተሩ ላይ እንዳለሁ በሁለት እጄ እየፈለፈልኩ እበላለሁ። ከፀሐዩ ወደ ደኑ ጥላ ገባን። ለሞራ ዓይን ከዚያ የከፋ ቦታ የለም፤ ከብርሃን ጥላ ውስጥ ሲገባ ምንም አያይም። ቀና ስል መምሬ ይታየው ከተዝካር ከሚመለሱ ሰዎች ጋር መንገዱ ዳር ቆመዋል። መምሬ የአባቴ የነፍስ አባት ናቸው፤ ቤተ ልሔም ገዳም የድጓ ዜማ ተምረው የመጡ፣ አገሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው። እንደ ወትሮው እንወርዳለን ብለው መስቀላቸውን አውጥተው ዘርግተዋል። ጀርባውን ልገፋ እጄን ብሰነዝር እሸቱ ተበተነ። እኔ ከጭኔ የሚያመልጠውን እሸት ስይዝ አባዬ አቧራውን አልብሷቸው አለፈ። ከኋላችን አንዱ "ኧረ ሞተሩ አሰከረው!" ሲል ሰማሁ።

ለአባዬ አልነገርኩትም። አፈርኩ፣ ፈራሁ፣ ሁለቱንም።

በሚቀጥለው ረቡዕ መምሬ ወዳሉበት ቀበሌ ለክትባት ሄድን። ሜዳው ላይ በሌላ ጊዜ ሁለትና ሦስት መቶ ከብት ይጠብቀን ነበር። ያን ቀን ሁለት ላምና አንድ የታመመ ጥጃ ብቻ ቆመው ነበር። የላሞቹ ባለቤት አንገቱን ደፍቶ "ዶክተር፣ አትቀየመኝ። ሰው 'መስቀል ንቆ ያለፈ እጅ ከብቴን አይነካም' ብሎ ቀረ" አለው። ከወንዙ ማዶ አባ ሰንጋ ገብቶ ሦስት በሬ መግደሉ በዚያው ሳምንት ተሰምቶ ነበር። አባዬ መርፌውን እንደያዘ ቆመ። "እኔ? መምሬን?" አለ። ወደኔ ዞረ፤ ከፊቴ ምን እንዳየ አላውቅም፣ ወይም ምንም አላየም። "አላየኋቸውም" ቢል ሥራው ያበቃል፤ ዝም ቢል የገበሬው ከብት ያልቃል። ሁለቱን ላሞችና ጥጃውን አይቶ፣ ሳጥኑን ዘግቶ፣ "ነይ እንሂድ" አለኝ።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ "ዝም በይ፣ ጊዜ ያበርደዋል" አለችኝ። አልቻልኩም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስወጣ ብቻዬን መምሬ ቤት ሄድኩ። መስቀል ተሳልሜ ገና ቁጭ ሳልል ነገሩ ሁሉ ከአፌ ወጣ፤ ሞራው፣ ትከሻው፣ እሸቱ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው ነው። "እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አባዬ እርስዎን አይንቅም" ብዬ ተንሰቀሰቅኩ።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አሉኝ መምሬ። "ስምንተኛ።" "ረቡዕና ዓርብስ ማን ይማርልሻል?"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ "ዶክተር አልናቀኝም፤ የተጣላሁት የለም፣ ከብቶቻችሁን አስከትቡ" አሉ። ስለ ዓይኑ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዓርብ ስንደርስ ሜዳው በከብት ተጨናንቋል። ግን አንድ እንግዳ ነገር ነበር። ሰው ሁሉ ገና ከሩቅ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ዶክተር፣ እኔ ደሴ ነኝ፣ እንዴት ዋልክ!" "አለምነሽ ነኝ!" እያለ ስሙን ያስቀድም ጀመር። ማን እንደነገራቸው እንጃ፤ ገበሬ ከብቱ የትኛው እግሩ እንዳመመው በሩቁ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ምን ይደበቀዋል! ከመምሬ ቃል በኋላ ነገሩን ገጣጥመው ደርሰውበታል፤ በአፉ የሚያነሣው ግን የለም። አባዬ እየሳቀ ሰላምታውን ይመልሳል፤ ፊቱ ግን ቀስ በቀስ ጠቆረ።

መጨረሻ ላይ መምሬ መጡ። "ይታየው ነኝ" አሉና መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አደረጉ። አባዬ ሲሳለም ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ "ዶክተር፣ ይህች ልጅ የምታይልህ ከገዛ ዓይኗ ቀንሳ ነው" አሉት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩና ሰማሁ። አባዬ እጃቸውን ይዞ ቆየ። ተቆጥቶኛል ብዬ እቤት እስክንደርስ ትከሻውን የምነካው በጣቴ ጫፍ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ስነሣ ሞተሩ ደጅ የለም። "አባዬስ?" ስላት እናቴ "ደብተርሽን ያዢና ትምህርት ቤት ሂጂ" አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ሒሳብ ስንማር፣ በመስኮቱ ወደ ወገዳ የሚወስደውን ዳገት አየሁ። አባቴ ቀዩን ሞተር በእጁ እየገፋ ይወጣ ነበር። ሞተሩ አልተበላሸም፣ ቤንዚንም አላለቀም፤ ማታ ራሱ ነው የሞላው፤ ትከሻውን መታ የሚያደርግለት ግን ከኋላው የለም። መንገደኛ እየቆመ "ተበላሸብህ እንዴ ዶክተር?" ሳይለው አይቀርም። እሱ ራሱን ነቅንቆ ይገፋል። አንዱ ሊያግዘው ኮርቻውን ሲይዝ "ተወኝ" ሲል ከእጁ አኳኋን ለየሁ። በኋላ እንደሰማሁት፣ ያን የሦስት ሰዓት መንገድ ገፍቶ ወገዳ ቢሮው ደርሶ ቁልፉን አስረከበ። እኔ ደብተሬ ላይ እንባዬ ተንጠባጥቦ የሒሳቡን ቀለም አበላሸው።

ብዙ ዓመት ራሴን ስወቅስ ኖሬያለሁ። ለመምሬ ባልናገር ሞተሩ ይቀር ነበር እያልኩ። እናቴም ሲከፋት "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" ትለኝ ነበር፤ እውነቷን ነው። አባዬ ከዚያ በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ ብቻ ተወስኖ፣ ገበሬው ከብቱን እየነዳ እየመጣለት ሠራ። ፍርሃቱን ያሸነፈው ዘግይቶ ነው፤ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄዶ አንዱ ዓይኑ በራለት፣ ሌላው ግን ጊዜው አልፎበት ነበር።

እኔ ዛሬ እስቴ ውስጥ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ አስተማሪ ነኝ። ለእረፍት አገሬ ስሄድ የኪራይ ሞተር ነው የምሳፈረው። ያ ጠመዝማዛ መንገድ ተጠርጎ ጠጠር ለብሷል፤ ደኑ ሳስቶ ባሕር ዛፍ በዝቶበታል። ልጆቹ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ይበራሉ፤ ቄሶቹም ራሳቸው ነጠላቸው እየተውለበለበ ከኋላ ተፈናጥጠው ያልፋሉ፣ ማን ለማን ይወርዳል! አልፈርድባቸውም፤ አንድ ሰዓት የሚፈጀውን በሩብ ሰዓት ይደርሳሉ። ግን አንዳቸውም መንገድ ሲጠፋቸው አላይም፤ ይህ አንዳንዴ ያሳዝነኛል።

ባለፈው ገና እሱና እኔ ደጅ ፀሐይ ስንሞቅ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ያን ቀን ለምን ሳትነግረኝ ሄድክ? ቢያንስ አብሬህ እገፋ ነበር።"

በደህነኛው ዓይኑ ፊቴን አየት አደረገና፣

"ብነግርሽማ ትመጪ ነበራ" አለ። "ከመጣሽ ደግሞ ወደ ትምህርትሽ አልመልስሽም ነበር።"