ውሃ ልኩን ያዙሩት

ባሬላ በሁለት ሰው ነው የሚያዘው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከፊት እሷ፣ ከኋላ እኔ ሆነን አሸዋና ሲሚንቶ ተሸክመን ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ኖረናል። የወንድሜ ሚስት ናት፤ እኔ የባሏ እህት። ፊቷን የሚያይ ሰው የማያውቀውን ገመናዋን እኔ ከጀርባዋ ሆኜ አውቀዋለሁ፦ ስትራመድ ራሷን ትሰድባለች። ደግሞ ቀስ ብላ ነው የምትሰድበው፤ ጸሎት የምታደርስ ነው የሚመስለው። «ደንቆሮ። ይኸው አፈሰስሽው። ለአንቺ ደግሞ ምን ይሆንልሻል» ትላለች። የፈሰሰ ነገር ግን የለም። ቢፈስማ ቀድሜ የማየው ከኋላ ያለሁት እኔ ነኝ።

የሥራ ቦታው ሰው «ምናልባት» የሚል ስም አውጥቶላታል። አንድ ነገር ለመናገር ስትነሳ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እንጂ» ሳትል አትጀምርም። በጠራራ ፀሐይ «ዛሬ ይሞቃል» ለማለት እንኳ ይህችኑ ቃል ታስቀድማለች። ሰው ይስቃል፣ እሷም አብራ ትስቃለች። እኔን ግን አንጀቴን ያሳርረኛል።

ነገሩን ያመጡባት ያሳደጓት አክስቷ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሴትየዋ የዚህች ልጅ እጅ የነካው ሁሉ ይበላሻል ብለው ቁርጥ አድርገው አምነው ነበር። ብርጭቆ ቢሰበር እሷ፣ ወተት ቢገነፍል እሷ፣ በር ቢገነጠል እሷ። ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን አብሮ አልተቀበረም፣ የወንድሜ ሚስት አፍ ውስጥ ተከራይቶ ይኖራል።

እንግዲህ ከሁላችን የሚበልጥ ዓይን ያላት ይህችው ሴት ናት። የሥራ ቦታችን ሽማግሌ ግንበኛ ዓይናቸው ሲደክም ግድግዳቸውን ለእሷ ያሳዩ ጀመር። ገና ሳይለኩ ሦስተኛው ረድፍ ወደ ውስጥ ገባ ብሏል ትላቸዋለች፤ ቱንቢውን ሲያንጠለጥሉ ልክ እንዳለችው ነው። ቀስ በቀስ የሲሚንቶ ማንኪያውንም ሰጧት። ሦስት ዓመት ሙሉ በምሳ ሰዓት ማዕዘን ማቆም አስተማሯት። የሕንፃውን የምሥራቅ ክንፍ ግማሹን የሠራችው እሷ ናት፤ የተመሰገኑት እሳቸው። ይህንንም ያፈረጡት ራሳቸው ናቸው። ወገባቸው እምቢ ብሏቸው ሥራ ሲለቁ ፎርማኑን ጠርተው፣ «በእኔ ቦታ እሷን አስገባት» አሉት።

ፎርማኑ መጀመሪያ ሳቀ። እሳቸው እንደማይቀልዱ ሲያይ ግን፣ «ከመጋዘኑ ጎን እስከ ምሳ ሰዓት አምስት ረድፍ ማዕዘን ታቁምና እኔ እለካዋለሁ» አለ። ልክ ከሆነ ከነገ ጀምሮ ከግንበኞቹ ጋር ትሰለፋለች። ከተንጋደደ ግን የሰው ሥራ አስፈትታለችና ወደ ባሬላውም አትመለስም፣ በዚያው ወደ ቤቷ ነው። ወንድሜ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ የቀን ሥራ ነው። ፎርማኑም ይህን ያውቃል።

በዚያው ጠዋት ሲባጎዋን ወጠረችና የመጀመሪያውን ረድፍ ደረደረች። ብሎኬት የማቀብላት እኔ ነበርኩ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ። ወዲያው አወቅሁት። ብዙም ሳትቆይ ሁለት ብሎኬት አንስታ ወደ ጎን አስቀመጠች። ደህና የተቀመጡ ነበሩ፤ እኔ ዓይን የሌለኝ እንኳ አይቻቸዋለሁ። ሦስተኛውን ልታነሳ ስትል እጇን ያዝኩት። ደሜ ፈልቷል።

«ያቺ ውስጥሽ የምትለፈልፈው ሴትዮ» አልኳት፣ «በዕድሜዋ አንድ ብሎኬት ደርድራ ታውቃለች?»

ትክ ብላ አየችኝ። «አታውቅም» አለች።

«ታዲያ ምን አግብቷት ነው?»

ሁለቱን ብሎኬቶች ጠራርጋ በቦታቸው መለሰቻቸው። ከዚያ በኋላም ከንፈሯ አልፎ አልፎ ይንቀሳቀስ ነበር፤ እጇ ግን ሥራውን አላቋረጠም። ሴትዮዋን ዝም አላሰኘቻትም፣ እንዳሻት ትለፍልፍ ብላ ተወቻት። አምስተኛው ረድፍ ሲያልቅ ለምሳ ገና ሃያ ደቂቃ ይቀር ነበር።

ፎርማኑ ግንበኞቹን አስከትሎ መጣ። ቱንቢውን አንጠለጠለ፤ ልክ ነው። ቀጥሎ ውሃ ልኩን አምስተኛው ረድፍ ላይ አጋደመው። ውስጡ ያለችው አረፋ መሀል ላይ መቆም ሲገባት ወደ ቀኝ ሸሸች። ደግሞ በትንሹ አይደለም፣ ከመስመሩ ወጥታ ነው። ከግንበኞቹ አንዱ ሳቀ። ፎርማኑም ግድግዳሽ ተንጋዷል አላት፤ እንዲያውም ያዘነላት ይመስል ነበር።

እኔ የማውቃት ሴት እዚያው ይቅርታ ብላ ዕቃዋን መሰብሰብ ነበረባት። ጎንበስ ስትልም አይቻለሁ፣ አበቃ ብያለሁ። ጎንበስ ያለችው ግን ረድፉን በዓይኗ ለማየት ነው። አየችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ውሃ ልኩን ያዙሩት። የቀኙን ጫፍ ወደ ግራ አድርገው እንደገና ይለኩ።»

ፎርማኑ፣ እዚህ የምንለካው ግድግዳ ነው እንጂ መለኪያ አይደለም ብሎ ተቆጣ። እሷ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ድምጿን አላነሳችም፣ ዓይኗንም አልሰበረችም። ያዙሩት አለች ደግማ። ሰውዬው ልቡ ሳይፈልግ አዞረው። አረፋዋ አሁን ወደ ግራ ሸሸች።

«አንድ ግድግዳ በአንዴ ወደ ሁለት በኩል አይንጋደድም» አለች። «እኔ ልክ ነኝ። የተበላሸው ውሃ ልኩ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ያ ቅድም የሳቀው ግንበኛ፣ ውሃ ልኩ ከሁለት ቀን በፊት ከእጁ አምልጦ ከሁለተኛ ፎቅ መውደቁ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው። የፎርማኑ ፊት ተለዋወጠ፤ በሁለቱ ቀን በዚያ ውሃ ልክ የተሠራው ሦስት ክፍል ነው። ሌላ አስመጥቶ የእሷን ረድፍ ሲለካ አረፋዋ መሀል ላይ ቁጭ አለች። የክፍሎቹን ነገር አልነግራችሁም፤ ግንበኞቹ ከሰዓት በኋላ ሲያፈርሱ ነው የዋሉት።

ፎርማኑ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ነገ ከግንበኞቹ ጋር ትሰለፊያለሽ አላት። ነገን አልጠበቀችም። ማንኪያዋን አንስታ ስድስተኛውን ረድፍ ልትጀምር ወደ እኔ ዞረችና፣ ግንበኞች በሚጮሁበት በዚያ በሚያናድድ ድምፅ «ብሎኬት!» አለችኝ። እኔ ግንበኛ በጮኸብኝ ቁጥር ሆን ብዬ እግሬን የምጎትት ሴት ነኝ። ያን ቀን ግን ሮጥኩ።