ከዘመቻው የተረፈው ጠብታ

በኮሮናው ጊዜ አቃቂ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሕፃናት እከትብ ነበር። አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሳንባውን የጥጥ ብናኝ ጨርሶታል። ከቤት እንዳይወጣ ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ አልቅሼ ነው ያስቀመጥኩት። ሦስት ወር ሙሉ በር ላይ እንኳ አልቆመም።

አንድ ቀን ሥልጠና ላይ ሐኪሙ እንዲህ አለን፦ የተዳከመ ሕያው ተሕዋስ ያለበት ክትባት፣ ሰውነት ኢንተርፌሮን የሚባል የራሱን መከላከያ እንዲያመነጭ ይቀሰቅሳል፤ ለሌላ የመተንፈሻ በሽታም ይጠቅም እንደሆነ እየተሞከረ ነው። «ገና አልተረጋገጠም» ማለቱንም ሰምቻለሁ። እራት ላይ ግን፣ አፌን በቆረጠው፣ አዋቂ ልምሰል ብዬ የመጀመሪያውን ብቻ አወራሁ።

አባቴ መብላቱን ተወ። «የፖሊዮው ጠብታም እንዲህ ነው?»

«ነው።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ይሰሰታል?»

በየቀኑ ነዘነዘኝ። በመጨረሻ ከቤት ለቤት የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ የተረፈ፣ መወገድ የነበረበት ብልቃጥ ደብቄ ይዤ ገባሁ። አንጋጦ አፉን ከፈተ፤ ሁለት ጠብታ አደረግሁለት። «እንደተከተቡት ልጆች ትንሿ ጣቴም ምልክት ትቀባ» ብሎ ጣቱን በቀለም አስቀባኝ። ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

በሳምንቱ አንድ የፋብሪካ ጓደኛው ሞተ። ከሥራ ስመለስ አባቴ ቤት የለም። ለቅሶ ቤት ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ከጡረተኞቹ መሃል፣ ማስኩን አገጩ ላይ አውርዶ ተቀምጦ አገኘሁት። ላስነሳው ስል ቀለም የተቀባ ጣቱን አሳየኝ።

«እኔ ተከትቤያለሁ» አለ ጮክ ብሎ። «የከተበችኝም ልጄ ናት!»

ሽማግሌዎቹ መረቁኝ። ጠብታው ለፖሊዮ እንጂ ለኮሮና አይደለም ብል ኖሮ በአንድ አፍታ ያልቅ ነበር። ግን ብልቃጡን መውሰዴ እንዳይሰማብኝ ፈራሁ። አሜን ብዬ ጎኑ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሳል ጀመረው፤ ከዚያ ሆስፒታል ገብቶ ኦክስጅን ተደረገለት። ባለሙያ ነኝ ብዬ ተለማምጬ ገባሁ። ጭምብሉን ገለጥ አደረገ።

«ሁለተኛው ዙር ቀርቶብኝ ነው፣ አይደል?»

ሊሞት ነው፤ እኔ ደግሞ አሁንም ፈሪ ነኝ።

«አዎ አባዬ» አልኩት። «ነገ ይዤልህ እመጣለሁ።»

አመነኝ።